አርብ ማታ በር ላይ ልቆም ነው፤ የመጠጥ ቤት ጥበቃ ሥነ ምግባር በተግባር ምን ማለት ነው? (ለንደን)

አዲስ ባጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። የዶር ሱፐርቫይዘር (የመጠጥ ቤት በር ጥበቃ) ፈቃዴ እጄ ገብቷል፤ ከዚህ አርብ ጀምሮ ደቡብ ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት በር ላይ ከ21:00 እስከ 03:00 እቆማለሁ። ሥልጠናው ላይ «ፕሮፌሽናል ሁኑ» ሲሉን ከረሙ። እኔ የምፈልገው ግን በሩ ላይ የሚጠቅመኝን ነው።

የተምታታብኝ ይሄ ነው። ሐሰተኛ የሚመስል መታወቂያ ይዤ ማስቀረት እችላለሁ? ሴት ደንበኛ እንዴት ትፈተሻለች? ሰክሮ «አልወጣም» ያለን ሰው እስከ ምን ድረስ መንካት ይፈቀዳል? ማናጀሩ «ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሰዎችን አታስገባ» ቢለኝስ? የእኛው ሰው ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ወገን አይደለንም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ሥራውን የምታውቁት ታላላቆቼ፣ እባካችሁ ቁልጭ አድርጋችሁ ንገሩኝ።


የበሩ አለቃ፦

እንኳን ደስ ያለህ። የምጽፍልህ ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ የመጠጥ ሕግ አላት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ባጁ የማን እንደሆነ ይግባህ። በ2001ዱ የግል ጥበቃ ሕግ መሠረት ፈቃዱ የተሰጠው ለአንተ እንጂ ለድርጅቱ አይደለም። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤስአይኤ ሲያግደው የሚቋረጠው የአንተ እንጀራ ነው፤ «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለው መልስ አያድንህም። ሥራ ላይ እስካለህ ድረስ ከላይኛው ልብስህ በላይ በግልጽ መታየት አለበት። ሰው የሚሳሳተው ክረምት ላይ ነው፤ ሲበርደው ጃኬት ይደርብና ባጁ ከሥር ይቀራል። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግልጽ ማስቀመጫ ግዛ፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ለጠብ ጊዜ ማነቂያ ነው። ፖሊስ ወይም የኤስአይኤ መርማሪ ሲጠይቅህ ታሳያለህ። አድራሻህ ከተቀየረ፣ ባጁ ከጠፋ፣ ከተከሰስክ ወይም ከፖሊስ መደበኛ ማስጠንቀቂያ ከደረሰህ ቶሎ ታሳውቃለህ። ይህንን መደበቅ ብዙ ጊዜ ከጥፋቱ ይልቅ ፈቃዱን ያስወስዳል።

ሁለተኛ፣ አርብ 20:30 ላይ ድረስና የቤቱን የመጠጥ ፈቃድ አንብብ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማጠቃለያው ብቻ ነው፤ ሙሉው ቅጂ ቤቱ ውስጥ መኖር ስላለበት ማናጀሩን ጠይቀው። አባሪ 2 እና 3 ላይ ያሉት ግዴታዎች ያንተ የሥራ መመሪያ ናቸው፦ ስንት ሰው ይይዛል፣ ስንት ጥበቃ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መኖር አለበት፣ የመጨረሻ መግቢያ ስንት ሰዓት ነው፣ የካሜራ ቅጂ ስንት ቀን ይቀመጣል (አብዛኛውን ጊዜ 31)፣ ብርጭቆ ይዞ መውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም። «ለመቶ ሰው አንድ ጥበቃ» የሚባለው ልማድ ነው፤ የሚገዛህ እዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው። ወረቀቱ ሦስት ጥበቃ ካለና ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ፣ በሩ ሳይከፈት ለማናጀሩ ንገር፤ የነገርክበትንም ሰዓት ጻፍ።

አሁን መታወቂያ። የመጠጥ ዕድሜ 18 ነው፤ ቤቶቹ ግን ከ25 በታች የሚመስለውን ሁሉ የሚጠይቁበት ደንብ አላቸው። ሕጉ የሚፈልገው ፎቶ፣ የልደት ቀን፣ እንዲሁም ሆሎግራም ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚታይ ምልክት ያለበትን ነው። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና «ፓስ» የሚል ሆሎግራም ያለበት የዕድሜ ማረጋገጫ ካርድ የተለመዱት ናቸው። ካርዱን ከቦርሳው አውጥቶ ይስጥህ፤ በፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ አትቀበል። ጠርዙን በጣትህ ዳስስ፤ ተለጥፎ የተሠራ ከሆነ ሽፋኑ ይነሳል። ፎቶ ስታነጻጽር ፀጉርና ጢም ትተህ ጆሮን፣ የአፍንጫን ቅርጽና በዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት ተመልከት።

የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ቁጥር ራሱ ይመሰክርልሃል። መጀመሪያ አምስት የአባት ስም ፊደላት ናቸው፤ ስሙ ካጠረ በ9 ይሞላል። ቀጥሎ ስድስት አኃዝ አለ፦ የትውልድ ዓመት ሦስተኛ አኃዝ፣ ወር፣ ቀን፣ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ። መጋቢት 14 ቀን 2006 የተወለደ ወንድ ላይ 003146 ይላል። ሴት ከሆነች የወሩ የመጀመሪያ አኃዝ ላይ 5 ስለሚደመር 053146 ይሆናል። የወንድሙን ካርድ ይዞ የመጣን ልጅ ግን ቁጥሩ አያጋልጠውም፤ ለእሱ ካርዱን ገልብጠህ ፖስት ኮዱን ጠይቀው።

ማስቀረትን በተመለከተ፦ በኃይል የመንጠቅ ሥልጣን የለህም። በፈቃዱ ሰጥቶህ ሐሰተኛ ሆኖ ካገኘኸው የቤቱ ደንብ የሚለውን ትከተላለህ። ደንቡ ይቀመጥ ካለ ሰዓቱን መዝግበህ፣ ፖስታ ውስጥ አሽገህ ለፖሊስ እንዲሰጥ ለማናጀሩ ታስረክባለህ። ኪስ ውስጥ መክተት፣ ፊቱ ላይ መሰባበር፣ ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ፍጹም ክልክል ነው።

ለእኛ ሰዎች የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው የትውልድ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እንደ ፈረንጅ ካነበብከው ልጁን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታስረጀዋለህ። ያም ሆነ ይህ መስፈርቱን ስለማያሟላ አንተ አስተርጓሚ ሆነህ «ትክክለኛ ነው፣ አውቀዋለሁ» ብለህ አትመስክር። ፓስፖርት ያምጣ።


ቻናል ሁለት፦

ፍተሻውን እኔ ልመልስልህ፤ በሴት በኩል የሚታየው ይለያል።

ማንንም ያለ ፈቃዱ የመፈተሽ ሥልጣን የለንም። ፍተሻ የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ እምቢ ካለች አትገባም፣ በዚሁ አለቀ። ይህን የሚናገረው ጽሑፍ ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። በዚያ ምሽት ሴት ጥበቃ ከሌለ ቦርሳዋን ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ እያገላበጠች ታሳይሃለች፣ አንተ በእጅ የሚያዘውን ብረት መፈለጊያ ሳትነካት ታሳልፋለህ። ከዚያ ያለፈ የለም። ሻሽ ወይም ሒጃብ በር ላይ አይወለቅም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ካሜራ በሚያይህ ቦታ ቁም፤ ሌላ ጥበቃ አጠገብህ ይኑር። ጓንት አድርግ። መጀመሪያ «ኪስህ ውስጥ የሚወጋ ወይም የሚቆርጥ ነገር አለ?» ብለህ ጠይቅ፤ መርፌ የሚወጋው ይህን ጥያቄ የሚዘለውን ነው። ኪሱን ራሱ ጠረጴዛ ላይ ያራግፍ። ከዚያ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቆመህ ከላይ ወደ ታች በውጭ ልብሱ ላይ ብቻ ዳብስ። ስታበቃ «አመሰግናለሁ» በል፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ከጀርባ የቆመውን ሰልፍ የሚያረጋጋው እሷ ቃል ናት።

አደንዛዥ ዕፅ ካገኘህ ኪስህ አትክተተው፣ ሽንት ቤትም አትድፋው። የ1971ዱ ሕግ የሚከላከልልህ ሌላ ሰው ወንጀል እንዳይፈጽምበት ብለህ ከያዝከውና ቶሎ ብለህ ሕጋዊ ሥልጣን ላለው ሰው ለማስረከብ ከተንቀሳቀስክ ነው። አሠራሩ፦ ቁጥር ያለው ከረጢት፣ ምስክር፣ መዝገብ ላይ ሰዓትና መግለጫ፣ የሚቆለፍ ሳጥን፣ ከዚያ ፖሊስ። «ነጭ ዱቄት የሚመስል» ብለህ ጻፍ፤ ምን እንደሆነ አንተ አልመረመርክም።

ጫትም እዚህ ውስጥ ነው። ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ በብሪታንያ ሦስተኛ ደረጃ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ «ይሄ'ኮ ቅጠል ነው» ለሚልህ የሀገር ልጅ መልሱ ይኸው ነው። እንዳላየህ ማለፍ ለእሱም ለአንተም አይበጅም።

ሽንት ቤት ሲፈተሽ በር አንኳኩ፣ ማንነታችሁን ተናገሩ፣ ሁለት ሁናችሁ ግቡ። ባሩ ላይ ወይም በሩ ላይ አንዲት ሴት መጥታ «አንጄላ አለች?» ብላ ከጠየቀችህ «እንደዚህ የምትባል ሠራተኛ የለችም» ብለህ እንዳትመልሳት። በ2016 ሊንከንሺር ላይ የተጀመረ ዘዴ ነው፤ አብሯት ካለው ሰው ሳያውቅ ማምለጥ ትፈልጋለች ማለት ነው። ወደ ሌላ ክፍል ትወስዳታለህ፣ ለማናጀሩ በሬዲዮ በዝግታ ትናገራለህ፣ ታክሲ ይጠራላታል። ምን እንደሆነ ሰው መሀል አትጠይቃት።


ጉልቤው፦

ወረቀት አታብዙበት ባካችሁ። ሰካራም ሁለቴ ተነግሮት ካልሰማ ከኋላ አንገቱን ይዞ ማውጣት ነው። ፖሊስ እንደሆነ አርብ ማታ በአንድ ሰዓትም አይደርስ።


የመጀመሪያ ርዳታ፦

ጉልቤው፣ ፖሊስ ይዘገያል ያልከው ልክ ነው። አንገት መያዝ ግን ሰው የሚገድል፣ አንተንም ወህኒ የሚያስገባ ነገር ነው። አዲስ ባጅ፣ ይህንን ክፍል ረጋ ብለህ አንብበው።

ኃይል መጠቀም የሚፈቅድልህ ባጁ አይደለም። ማንኛውም ሰው ባለው መብት ነው የምትሠራው፦ ራስን ወይም ሌላን መከላከል፣ በ1967ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 3 መሠረት ወንጀልን ለማስቆም ተመጣጣኝ ኃይል፣ እንዲሁም ከቤቱ ውጣ ተብሎ፣ ጊዜ ተሰጥቶት አልወጣም ያለን ሰው በተመጣጣኝ ኃይል ማስወጣት። ልብ በል፣ ሦስተኛው የሚሠራው ቤቱ ጫፍ ድረስ ብቻ ነው። መንገድ ተሻግረህ ካባረርከው ተደባዳቢ ነህ።

ከመንካትህ በፊት የምትናገረው አራት ነገር አለ። ትጠይቃለህ፦ «ጌታዬ፣ አብረን ወደ ውጭ እንውጣ።» ምክንያቱን ትነግረዋለህ፦ «ብርጭቆ ወርውረሃል፤ ካሜራው ላይ አለ።» ምርጫ ትሰጠዋለህ፦ «አሁን ከወጣህ ኮትህን አመጣልሃለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልትመለስ ትችላለህ፤ ካልወጣህ ፖሊስ ይጠራል፣ ትታገዳለህ።» ከዚያ የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት፦ «እንድትተባበረኝ የምናገረው ወይም የማደርገው ነገር አለ?» እምቢ ካለ ለባልደረባህ ምልክት ሰጥተህ ትጀምራለህ። እነዚህን ጮክ ብለህ ተናገር፤ አጠገብህ ያሉት ሁሉ ምስክሮችህ ናቸው፣ ደረትህ ላይ ያለው ካሜራም ይቀዳል። በመጠጥ ፈቃድ ሕጉ አንቀጽ 143 ሰክሮ ወይም ረብሾ ውጣ ሲባል እምቢ ማለቱ ራሱ ጥፋት ነው፤ ፖሊስ ሲጠየቅ የማስወጣት ግዴታ አለበት። ይህን ለሰውዬው መንገር ብዙ ጊዜ ከእጅ ይልቅ ይሠራል።

የሚወጣው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ከክርን በላይ። ሦስተኛው ቀድሞ በር ይከፍታል፣ ሰው ይገልጣል። ደረጃ ካለ ቁም፤ አብዛኛው ከባድ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነው። ውጭ ስትለቀው ገፍተህ አትልቀው፤ የሰከረ ሰው እጁን ሳይዘረጋ ነው የሚወድቀው፣ የአስፋልት ጠርዝ ደግሞ የራስ ቅል ይሰነጥቃል።

መሬት ላይ ከወደቀ በሆዱ አስተኝተህ ጀርባው ላይ ጉልበት ማሳረፍ የለም። ሰው በሆዱ ተኝቶ ክብደት ሲያርፍበት ደረቱ ስለማይነፋ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ወፍራም ከሆነ፣ ዕፅ ከወሰደ ወይም ሲታገል ቆይቶ ከደከመ አደጋው ይብሳል። ወንበር ላይ አጎንብሶ መያዝም ያው ነው። አንድ ሰው ራሱ ጋ ሆኖ ትንፋሹን ብቻ ይከታተል፣ ያወራው። «መተንፈስ አልቻልኩም» ካለ፣ «ካወራህ ትተነፍሳለህ» ብሎ መከራከር የለም፤ ወዲያው ልቀቁ። በድንገት ዝም ማለት መረጋጋት አይደለም፣ አደጋ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ የከንፈር መቀየር በውጭ አይታይም፤ የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱን፣ የጥፍሩን ሥር በእጅ ባትሪ ተመልከት። ከዚያ በጎኑ ማስተኛት፣ ወደ 999 (የድንገተኛ ጥሪ) መደወል።

ሰው ይዞ ስለማቆየት፦ በ1984ቱ የፖሊስ ሕግ አንቀጽ 24ሀ ለተራ ዜጋ የተሰጠው ሥልጣን ጠባብ ነው። ከባድ ወንጀሎች ወደሚታዩበት ዘውድ ፍርድ ቤት ሊሄድ የሚችል ወንጀል መሆን አለበት፣ ስርቆትን ወይም አካል ማቁሰልን የመሰለ፤ ፖሊስ እንዲይዘው መጠበቅ የማይቻል፣ እንዳያመልጥ ወይም ሰው እንዳይጎዳ መያዙ አስፈላጊ መሆን አለበት። ሰክሮ መጮህ ብቻውን አይበቃም።

ደግሞ ሰክሯል ያልከው ሁሉ አልሰከረም። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይወላገዳል፣ ይቆጣል፣ ንግግሩ ይያያዛል። ጭንቅላቱ የተመታም እንደዚያው ነው። የእጅ አንጓው ላይ የሕክምና አምባር እንዳለ እይ፣ ጓደኞቹን ጠይቅ። የምር የሰከረውንም ብቻውን ሌሊት 02:00 ላይ ብርድ ውስጥ አትወርውረው። ስልኩ፣ ኮቱ፣ ጓደኛው አብረውት አሉ? ከመውጣቱ በፊት ውኃ ስጠው፤ ለደንበኛ የቧንቧ ውኃ በነጻ መስጠት የቤቱ ግዴታ ነው።


አዲስ ባጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተለይ የአንገቱ ጉዳይ ገብቶኛል። የማናጀሩን ትእዛዝና የወገንን ነገር ግን ማንም አልነካልኝም። መዝገቡስ ምን ያህል ነው የሚጻፈው?


የበሩ አለቃ፦

ማናጀሩ «ጥቁር ወንዶች በዝተዋል»፣ «የእነዚያን ሀገር ሰዎች አታስገባ» ካለህ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ክልክል ነው፤ ትእዛዙን የፈጸምከው አንተም ትጠየቃለህ። ቤቱ ማንንም ላለማስገባት ይችላል፣ ምክንያቱ ግን ሰውየው ማን ነው ሳይሆን ምን አደረገ፣ ምን ለበሰ፣ ምን ያህል ሰክሯል፣ ቦታ አለ ወይ መሆን አለበት። የልብስ ደንቡም በሁሉም ላይ እኩል መሥራት አለበት፤ አንዱን በስኒከር አስገብተህ ሌላውን በስኒከር ብትመልሰው ካሜራው ሁለቱንም አይቷል። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ሲመጣ ዘወር ብለህ «ይህንን በጽሑፍ ስጠኝ» በል። አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ እዚያው ይሞታል።

ወገንን በተመለከተ፣ ሰላምታ አይከለከልም። ጨብጥ፣ ሳቅ፣ ከዚያ «ሰልፉ ከዚህ ነው ወንድሜ» በል። ከሰልፍ ውጭ ያስገባኸው አንድ የሀገር ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ሆኖ ይመጣል። ሃያ ፓውንድ በመጨበጥ መሀል እጅህ ውስጥ ከገባ በሰው ፊት መልስ፣ መዝግብም፤ ጉቦ ነው። በጎን በር የገባ ሰው ክሊከር (በእጅ የሚያዝ የሰው መቁጠሪያ) ላይ አይቆጠርም፣ ስለዚህ እሳት ቢነሳ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ የለም። ታኅሣሥ 2022 ብሪክስተን አካዳሚ የተባለው የለንደን ሙዚቃ አዳራሽ በር ላይ በተፈጠረው መጨፋለቅ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ አንደኛው ሟች እዚያው በጥበቃ ሥራ ላይ የነበረ ነው። ቤቱ እስከ ሚያዝያ 2024 ተዘግቶ ቆይቷል። ሰልፍና ቁጥር የማናጀር ጣጣ ብቻ አይደለም የምልህ ለዚህ ነው።

ሌላም፦ ከባልደረባህ ጋር በአማርኛ ደንበኛው ፊት ስለ ደንበኛው አታውራ። ቋንቋውን ባያውቅም ስለ እሱ እንደሆነ ዓይንህ ይነግረዋል፤ ግማሹ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሬዲዮ ላይም ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ።


ቻናል ሁለት፦

መዝገቡን እኔ ልጨርስ። ሰው የነካህበት፣ የከለከልክበት፣ ያስወጣህበት፣ ዕቃ የያዝክበት፣ ርዳታ የሰጠህበት ሁሉ ይጻፋል፤ በዚያው ሌሊት፣ ከመሄድህ በፊት። ምን ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ማን ነበረ፣ ሰውየው ያለው በራሱ ቃል (ስድቡም ጭምር፣ ሳታሳምር)፣ አንተ ያልከው፣ እጅህ የት ላይ እንዳረፈ፣ ለምን ያ አስፈላጊ ሆኖ እንደታየህ፣ እንዴት እንደተለያችሁ። «በተመጣጣኝ ኃይል አስወጣሁት» ብሎ መጻፍ ምንም አልጻፉም ማለት ነው፤ ተመጣጣኝ መሆኑን የሚወስነው አንባቢው ነው፣ አንተ ያደረግከውን ንገረው። ስትሳሳት በአንድ መስመር ሰርዘህ ፈርምበት፤ ነጭ ቀለም አታፍስ፣ ገጽ አትቅደድ፣ ባዶ መስመር አትተው። ከባልደረባህ ጋር ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከጻፋችሁ ጠበቃ ይደሰታል።

ሰዓትን በ24 አቆጣጠር ጻፍ። እኛ ሲደክመን እጃችን ወደ ሀገር ቤት ሰዓት ይሄዳል፤ 21:40 የነበረው «3:40» ሆኖ ከተጻፈ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ የተፈጠረ ነገር ይመስላል፣ ከካሜራውም ጋር አይገጥምም። ፈረቃህ ሲጀመር ሰዓትህን ከካሜራው ሰዓት ጋር አስተያይ፤ ልዩነት ካለ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ካሜራው 4 ደቂቃ ይቀድማል» ብለህ ጻፍ።


ባለ ሬስቶራንት፦

በዚህ አጋጣሚ ልጠይቅ። ቅዳሜ ሙዚቃ ያለበት የሐበሻ ምግብ ቤት ነው፤ በር ላይ የሚቆመው ዘመድ ነው፣ ደመወዝ የለውም፣ እራቱን በልቶ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ይሄዳል። እሱም ፈቃድ ያስፈልገዋል? ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራበት የጋርድ ባጅ አለው።


የበሩ አለቃ፦

ጋሼ፣ እራቱና ቢራው ክፍያ ነው፤ በገንዘብ ካልሆነም በዓይነት ነው። ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለይ፣ ዕድሜ የሚጠይቅ፣ ጠብ የሚገላግል ከሆነ የዶር ሱፐርቫይዘር ፈቃድ ያስፈልገዋል። የጋርድ ባጅ ለመጠጥ ቤት በር አይሆንም፤ የዶር ሱፐርቫይዘሩ ግን ለጋርድ ሥራ ይሆናል። ያለ ፈቃድ የቆመው እስከ ስድስት ወር እስራትና ቅጣት ሊደርስበት ይችላል፤ እርስዎም ይከሰሳሉ፣ የመጠጥ ፈቃድዎም ለግምገማ ይቀርባል። ቲኬት ብቻ የሚቀበል፣ ኮት የሚሰቅል ከሆነ አያስፈልገውም።

ሥልጠናውን ሊጀምር ከሆነ መጀመሪያ የድንገተኛ የመጀመሪያ ርዳታ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፤ የዶር ሥልጠናው ሲጀመር ቢያንስ 12 ወር የቀረው መሆን አለበት። ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ነው፤ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ለማደስ የማደሻ ሥልጠና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ደግሞ ሥራ ላይ እያለ ቢራው ይቅርበት።

ከ16 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ከቤተሰብ ጋር ገበታ ላይ ከምግብ ጋር ቢራ፣ ወይን ወይም ሳይደር (የፖም መጠጥ) መጠጣት ይችላሉ፣ የሚገዛላቸው አዋቂ ከሆነ። አረቄን እዚያ ውስጥ እንዳይከቱት።


አዲስ ባጅ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። የክንድ ማስቀመጫ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪና ሁለት እስክሪብቶ ዛሬ ገዝቻለሁ። የቀረኝ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ይሆናል?


ቻናል ሁለት፦

ገጹ ቁጥር ያለበትና ጀርባው የተሰፋ ይሁን። በሽቦ የተጠመዘዘውን አትግዛ፤ ገጽ ቢቀደድለት አይታወቅም።